ፍርድ ከማን ደጅ ይጀምራል? በእስራኤል ጎረቤቶች ላይ ስለ ተነገሩ ትንቢቶች የቀረበ ጥናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መግቢያ



ከጥቂት ጊዜ በፊት የምንጭ ማጎልበት ሥራን ለመከታተል ወደ አንድ የገጠር አጥቢያ ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተሰብስበን የውኃ ቦኖዎቹ የት የት እንደሚተከሉ ስንመክር፣ አንደኛው ቦኖ ከወንዙ ማዶ ላሉት ጎረቤቶች እንዲደርስ የቀረበው ሐሳብ ተነሣ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የግጦሽ ጠብ ነበረ፤ ከብት ተነድቷል፤ ሰውም ተጎድቷል። በዚህ ጊዜ አንድ ዕድሜ የጠገቡ አባት ብድግ ብለው፣ «ዲያቆን፣ ነቢያቱ በእስራኤል ጎረቤቶች ላይ እሳት እንደሚወርድ አይደለም ወይ የተናገሩት? ታዲያ እኛ ለጎረቤቶቻችን ውኃ የምንወስደው በየትኛው መጽሐፍ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

እኔም በዚያ ሰዓት ለጥያቄው የሚገባውን መልስ ይዤ አልተገኘሁም። አባታችን የጠቀሱት ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በእርግጥ አለና። ስለዚህ ወደ ቤቴ ተመልሼ ትንቢቶቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኋቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ፍሬ ነው። የሊቃውንቱን ትርጓሜ ለመተካት ያልተነሣ መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ፤ ዓላማው በየአጥቢያው መጽሐፉን ገልጠን አብረን እንድንወያይ በር መክፈት ነው።

እነዚህ ትንቢቶች የት ይገኛሉ?

በጎረቤት አሕዛብ ላይ የተነገረ ፍርድ በነቢያት መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ ከምዕራፍ 13 እስከ 23፣ በትንቢተ ኤርምያስ ከምዕራፍ 46 እስከ 51፣ በትንቢተ ሕዝቅኤል ከምዕራፍ 25 እስከ 32፣ በትንቢተ ሶፎንያስ ደግሞ በምዕራፍ 2 ይገኛል። ትንቢተ አብድዩ በሙሉ ስለ ኤዶምያስ፣ ትንቢተ ናሆም በሙሉ ስለ ነነዌ የተነገሩ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ በአንድ ጥቅስ ብቻ ተይዞ የሚፈጸም አይደለም።

በዚያ ዘመን ነገሥታት ከጦርነት በፊት ጠላትን የሚረግም ነቢይ መፈለጋቸው የተለመደ ነበር። የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን ይረግምለት ዘንድ በለዓምን በዋጋ ለመግዛት መሞከሩ በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፏል። እንደዚህ ያለው ርግማን የሚነገረው ለወገን ደስታ፣ ለሠራዊትም ማበረታቻ ነው። የእስራኤል ነቢያት በአሕዛብ ላይ ሲናገሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው ወይስ ሌላ? መልሱን ለማግኘት በጽሑፍ ከቆዩልን ነቢያት ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን አሞጽን እንከተል።

አሞጽ እና ዘመኑ

አሞጽ የቴቁሔ ሰው ነበር። ቴቁሔ ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምድረ በዳው ዳር የምትገኝ የይሁዳ መንደር ናት። እርሱም መንጋ የሚጠብቅ፣ የሾላ ፍሬም የሚለቅም ሠራተኛ እንጂ ከነቢያት ጉባኤ የወጣ እንዳልነበረ በምዕራፍ 7 ራሱ ይመሰክራል። የተናገረው በይሁዳ ዖዝያን፣ በእስራኤልም የዮአስ ልጅ ኢዮርብዓም በነገሡበት ወራት፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው።

ዘመኑ ለሰሜኑ መንግሥት የድልና የብልጽግና ዘመን ነበር። ኢዮርብዓም የሀገሩን ወሰን መልሶ አስፍቷል፤ ባለጠጎች የክረምትና የበጋ ቤት ነበራቸው፤ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር። በቤቴል መሠዊያ ዘንድ መሥዋዕቱ አልተቋረጠም፤ ዝማሬው አልቀነሰም። ነቢዩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተሻግሮ የሄደው ወደዚህ ሕዝብ ነው።

ስድስቱ ጎረቤቶች

አሞጽ ንግግሩን የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በእያንዳንዱ ሕዝብ ላይ የሚደጋግመው አንድ አነጋገር አለ፤ ስለ ሦስት ኃጢአት፣ ይልቁንም ስለ አራት፣ ቅጣቱ እንደማይመለስ ያውጃል። ይህ አቈጣጠር ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ እግዚአብሔር በመጀመሪያው በደል አልፈረደም፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ታግሦ መስፈሪያው እስኪሞላ ቆየ። ሁለተኛ፣ ትዕግሥቱ ክሱን አልሰረዘውም። አሁን ክሶቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ደማስቆ። የሶርያውያን ኃጢአት ተብሎ የተጠቀሰው ገለዓድን በብረት መውቂያ ማሄዳቸው ነው። አውድማ ለምናውቅ ለእኛ ምሳሌው ግልጽ ነው፤ ነዶ የሚወቃበት መሣሪያ በሰው ላይ ዋለ ማለት ነው። ገለዓድ ከዮርዳኖስ ማዶ ያለች የድንበር ምድር በመሆኗ የጦርነቱ ሸክም በተደጋጋሚ የወደቀው በነዋሪዎቿ ላይ ነበር።

ጋዛ። የፍልስጥኤማውያን ኃጢአት አንድን ሕዝብ በሙሉ ማርኮ ለኤዶምያስ አሳልፎ መስጠት ነው። እዚህ ላይ የተከሰሱት ድል አድርጋችኋል ተብለው አይደለም፤ ሰውን እንደ ዕቃ አስተላልፋችኋል ተብለው ነው።

ጢሮስ። የባሕር ንግድ ከተማ የሆነችው ጢሮስ በዚሁ ሰውን የማስተላለፍ ሥራ ተከሳለች፤ በእርሷ ላይ ግን አንድ ነገር ተጨምሯል፤ የወንድማማችነትን ቃል ኪዳን አላሰበችም። በንጉሥ ሰሎሞን ዘመን ኪራም የተባለው የጢሮስ ንጉሥ ለቤተ መቅደሱ ሥራ ዝግባና ጥድ ልኮ እንደነበር፣ በሁለቱም መካከል ስምምነት እንደነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ እናነባለን። ንግድ የወለደውን ወዳጅነት ንግድ መልሶ በላው።

ኤዶምያስ። የኤሳው ልጆች ወንድማቸውን በሰይፍ አሳደዱ፤ ርኅራኄን ጣሉ፤ ቍጣቸውንም ለዘለዓለም ጠበቁ። ልብ በሉ፤ የተከሰሱት በአንድ ቀን ቍጣ አይደለም፤ ቍጣን እንደ ቅርስ ከአባት ወደ ልጅ በማውረድ ነው።

አሞን። የአሞን ልጆች ድንበራቸውን ያሰፉ ዘንድ የገለዓድን እርጉዞች ሆድ ቀደዱ። ነቢዩ የወንጀሉን ምክንያት ሳይሸሽግ አስቀመጠው፤ ለመሬት ሲባል ገና ያልተወለደ ተገደለ።

ሞዓብ። የሞዓብ ኃጢአት የኤዶምያስን ንጉሥ አጥንት እስኪያመድ ድረስ ማቃጠል ነው።

የክሱ ጭብጥ ምንድር ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንመርምር። ከስድስቱ ክሶች መካከል «ጣዖት ስላመለካችሁ» የሚል አለ ወይ? የለም። ጎረቤቶቹ ጣዖት እንደሚያመልኩ ነቢዩ ያውቃል። በ1868 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዲቦን የተገኘው የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ድሉን ሁሉ ካሞሽ ለተባለው አምላኩ እንደሚሰጥ ያሳያል። ሆኖም አሞጽ በእነዚህ ስድስት አሕዛብ ላይ ባቀረበው ክስ ውስጥ ይህን አላነሣም። ኦሪት አልተሰጣቸውምና ኦሪትን በመተላለፍ አልከሰሳቸውም። የከሰሳቸው ሰው ሁሉ በልቡናው ሊያውቀው በሚገባ ነገር ነው፤ እርጉዝ አትገደልም፣ ምርኮኛ አይሸጥም፣ ቃል ኪዳን አይፈርስም፣ ሬሳ አይዋረድም።

ይልቁንም የሞዓብ ክስ የነገሩ ቍልፍ ነው። በሌሎቹ ክሶች የተበደለው እስራኤል ወይም የእስራኤል ወገን ነው ብለን ልናስብ እንችላለን። በሞዓብ ክስ ግን የተበደለው የኤዶምያስ ንጉሥ ነው። ኤዶምያስ ደግሞ ከጥቂት ቃል በፊት ራሷ የተፈረደባት፣ የእስራኤልም ጠላት የሆነች ሀገር ናት። የሟች ጠላት አጥንት ስለ ተዋረደ የእስራኤል አምላክ ይከሳል! እንግዲህ የፍርዱ መነሻ «ወገኔን ነካችሁ» የሚል ቢሆን ኖሮ ይህ ክስ በዝርዝሩ ውስጥ ባልገባ ነበር። እግዚአብሔር የእኛ ጠላት ለሆነውም ሰው ተሟጋች ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። አሞጽ ስለ እሳት በተናገረ ቍጥር እሳቱ የሚወድቅበትን ቦታ ይጠራል፤ ቅጥርና አዳራሽ ነው። በምዕራፍ 3 ላይ ግፍና ቅሚያ የሚከማችባቸው እነዚሁ አዳራሾች መሆናቸውን ይነግረናል። ስለዚህ እሳቱ በመጀመሪያ የሚፈልገው የግፍ ጎተራውን ነው። ይሁን እንጂ የመሪዎች ኃጢአት መዘዙ ለሕዝቡም ይተርፋል። የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ732 ዓመት ደማስቆን በያዘ ጊዜ ሕዝቧን ወደ ቂር ማፍለሱን መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ይመሰክራል።

ክበቡ ሲዘጋ

የቤቴል ሰዎች ይህን ሁሉ ሲሰሙ ምን ይሰማቸው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ደማስቆ በሰሜን ምሥራቅ፣ ጋዛ በደቡብ ምዕራብ፣ ጢሮስ በሰሜን ምዕራብ፣ ኤዶምያስ በደቡብ ምሥራቅ፤ ነቢዩ በዙሪያቸው ይዞር ነበር። በዝምድናም ቢሆን እየቀረበ ነው የመጣው። ከባዕድ ጀመረ፤ ወደ ኤሳው ልጆች መጣ፤ ከሎጥ ወደ ተወለዱት ወደ አሞንና ወደ ሞዓብ ተሻገረ፤ ሰባተኛ አድርጎ የራሱን ሀገር ይሁዳን ጠራ። በይሁዳ ላይ ክሱ ተለወጠ፤ ሕጉ የተሰጣቸው ናቸውና ሕጉን በመጣላቸው ተከሰሱ። ሰባት ፍጹም ቍጥር ነው፤ ሰሚው ትንቢቱ አበቃ ብሎ ሊያስብ ይችላል።

አሞጽ ግን ስምንተኛ ስም ጠራ፤ እስራኤል።

በሌሎቹ ላይ አንድ አንድ ክስ ያቀረበው ነቢይ በእስራኤል ላይ ሲደርስ ይዘረዝራል። ጻድቁን በብር፣ ችግረኛውን በአንድ ጥንድ ጫማ መሸጥ፤ የድሆችን ራስ በምድር ትቢያ ላይ መርገጥ፤ የትሑታንን መንገድ ማጣመም፤ አባትና ልጅ ወደ አንዲት ሴት መግባት፤ በመያዣ በተወሰደ ልብስ ላይ በመሠዊያ አጠገብ መተኛት፤ ከተቀጡ ሰዎች በተወሰደ ወይን በአምላካቸው ቤት መጠጣት፤ ናዝራውያኑን ወይን ማጠጣት፤ ነቢያቱንም ዝም ማሰኘት።

የልብሱን ነገር በጥቂቱ እናብራራው። ድሀ ተበድሮ ልብሱን በመያዣ ቢሰጥ፣ ሌሊት የሚለብሰው እርሱን ብቻ ነውና ፀሐይ ሳትገባ እንዲመለስለት በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ታዝዟል። አሞጽ ያየው ግን ያ ልብስ በመሠዊያው አጠገብ ተነጥፎ ነው። የድሀው ብርድ የአምልኮ ምንጣፍ ሆነ። በደሉ የተፈጸመው በጦር ሜዳ ሳይሆን በቤተ እግዚአብሔር ቅጥር ውስጥ፣ በሚጸልዩ ሰዎች እጅ ነው።

ከዚህ በኋላ የጎረቤቶቹ ሚና ይገለበጣል። በምዕራፍ 3 በዕብራይስጡ ንባብ የአዛጦንና የግብጽ አዳራሾች ተጠርተው በሰማርያ ተራሮች ላይ እንዲሰበሰቡ፣ በውስጧ ያለውንም ግፍ እንዲያዩ ይጋበዛሉ። የተፈረደባቸው አሕዛብ ምስክሮች ሆኑ ማለት ነው። የእስራኤል ታሪክም ይህን ምስክርነት አላሳፈረም፤ አሞናውያን የተከሰሱበትን ያንኑ ግፍ ኋላ የእስራኤል ንጉሥ ምናሔም ደጇን ባልከፈተችለት ከተማ ላይ እንደፈጸመው በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 15 ተጽፏል። ሰማርያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዓመት ገደማ በአሦራውያን እጅ ወደቀች።

የቤቴል ካህን አሜስያስ ነቢዩን ከሀገር ውጣ ያለው ስለ ደማስቆ ወይም ስለ ጋዛ በመናገሩ አልነበረም። ስለ ጎረቤት ኃጢአት የሚሰብክ ሰው ከየትም አይባረርም። አሞጽ የተባረረው ክበቡን ስለ ዘጋው ነው።

ቆሞ ማየትም ያስከስሳል

ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ በባቢሎናውያን እጅ በወደቀች ጊዜ የኤዶምያስ ጉዳይ እንደገና ተነሣ። ትንቢተ አብድዩ ከ21 ቍጥር የማይበልጥ አንድ ምዕራፍ ቢሆንም፣ ስለ ጎረቤት ኃጢአት ያለው ትምህርት ጥልቅ ነው። የክሱን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ኤዶምያስ በመጀመሪያ ርቃ ቆመች፤ ቀጥሎ በወንድሟ ጥፋት ደስ አላት፤ ከዚያ በደጁ ገብታ ሀብቱን ዘረፈች፤ በመጨረሻም በመንታ መንገድ ቆማ የሚሸሹትን ያዘች፣ የተረፉትንም አሳልፋ ሰጠች።

ሽሽተኛን አሳልፎ መስጠት የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ግን ቆሞ ማየት ነበር። ነቢዩም ቆማ ያየችውን እንደ ወራሪዎቹ እንደ አንዱ ቈጠራት። የእኛ አበው «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» የሚለውን ተረት የተዉልን ለሌላው ሕመም ግድ የለሽ የሆነውን ሰው ሲገሥጹ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 24 ጠላት ሲወድቅ ደስ እንዳይለን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ በጎረቤት ላይ የተነገረውን ፍርድ በደስታ የሚያነብ ሰው ኤዶምያስ በተከሰሰችበት ኃጢአት ውስጥ እየገባ መሆኑን ይወቅ።

የፍርዱ ዓላማና የተተወው ተስፋ

ነቢያቱ ራሳቸው ፍርዱን በደስታ አልተናገሩትም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 15 እና 16 ስለ ሞዓብ ሲናገር በአርኖን መሻገሪያ ዘንድ ጎጆዋ እንደ ፈረሰ ወፍ የሚንከራተቱትን ሴቶች ያያል፤ ስለ እነርሱም እንባውን ያፈስሳል፤ አንጀቱም ይላወሳል። ኤርምያስም በምዕራፍ 48 ስለ ሞዓብ እንዲሁ ያለቅሳል። ከእነርሱ በፊት ኤልሳዕ አዛሄል በእስራኤል ላይ የሚያደርሰውን ግፍ አስቀድሞ አይቶ በፊቱ አልቅሷል። ከእግዚአብሔር የሆነ የፍርድ ቃል ከሚነግረው ሰው ዓይን እንባ ያወጣል።

በፍርዱ መካከልም ተስፋ ተቀምጧል። በትንቢተ ኤርምያስ ስለ ግብጽ፣ ስለ ሞዓብና ስለ አሞን የተነገሩት ክፍሎች ኋላ ስለሚሆን መመለስ ይናገራሉ። እጅግ የሚያስደንቀው በምዕራፍ 49 ስለ ኤዶምያስ የተነገረው ነው። የፍርዱ ቃል በጸናበት በዚያው ስፍራ እግዚአብሔር የኤዶምያስን ድሀ አደጎች በሕይወት እንደሚያኖራቸው፣ መበለቶቿም በእርሱ ሊታመኑ እንደሚችሉ ይናገራል። አዳራሹ ሲቃጠል ድሀ አደጉ አልተረሳም። ኢሳይያስም በምዕራፍ 19 መጨረሻ ግብጽና አሦር ከእስራኤል ጋር በአንድ በረከት ውስጥ የሚቆሙበትን ቀን ያሳያል።

ፍርዱም ያለ መመለሻ የተዘጋ ፍርድ አይደለም። ኤርምያስ በምዕራፍ 18 በሸክላ ሠሪው ቤት እንደ ተማረው፣ ጥፋት የተነገረበት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ እግዚአብሔር ያሰበውን ጥፋት ይተዋል። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አስቀድማ የነነዌን ጾም ሦስት ቀን የምትጾመው ይህንኑ እያሰበች ነው። ዮናስ የአሦርን ከተማ ጥፋት ለማየት ከከተማዋ ውጭ ተቀምጦ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ለሕዝቡም ለእንስሳቱም አዘነ። ከዘመናት በኋላ ነነዌ ወደ ግፏ ተመልሳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት ብትጠፋም፣ ንስሓ በገባችበት ቀን የተደረገላት ምሕረት እውነተኛ ነበር። እኛ የምንጾመው የነነዌን ሰዎች ንስሓ ተከትለን ነው፤ የዮናስን ቅሬታ ተከትለን አይደለም።

እኛም በዝርዝሩ ውስጥ አለን

ብዙ ጊዜ እነዚህን ትንቢቶች የምናነበው ራሳችንን በእስራኤል ቦታ አስቀምጠን ነው። ነገር ግን በዕብራይስጡ ኩሽ፣ በግሪኩና በእኛ መጽሐፍ ኢትዮጵያ የተባለው፣ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለው ሀገር በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 እና 20፣ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 30፣ ሶፎንያስ በምዕራፍ 2 የኢትዮጵያን ስም በፍርድ ንግግር ውስጥ ያነሣሉ። በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የተነገረውን በደስታ እንደምንጠቅሰው ሁሉ ይህንንም ልናነበው ይገባል።

አሞጽም በምዕራፍ 9 እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር ያስተካክላል። ይህን ቃል ለክብራችን ማስረጃ አድርገን መጥቀስ ለምደናል፤ ክብርም አለው። ነቢዩ የተናገረበት ምክንያት ግን ትምክሕትን ለማፍረስ ነው። እስራኤልን ከግብጽ ያወጣ አምላክ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር እንዳወጣ ወዲያው ይናገራል። በምዕራፍ 1 የከሰሳቸውን ጎረቤቶች እግዚአብሔር በታሪካቸው ሲመራቸው ኖሯል ማለት ነው። የሚፈርድባቸው የእርሱ ስለሆኑ ነው። እንግዲህ በዚህ ቃል የሚመካ ሰው ጎረቤቱንም አብሮ ያከብራል፤ አለዚያ ቃሉን ግማሹን ብቻ አነበበ።

ለአጥቢያችን ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ ትንቢቱ የሚከሰው ሥራን እንደሆነ እንያዝ። አሞጽ በጠራው ስም ሁሉ አጠገብ የተፈጸመውን ግፍ አስቀምጧል። ዛሬም ደማስቆና ጋዛ የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ የአሞን ልጆች ከተማ ራባትም ዛሬ የዮርዳኖስ መንግሥት መዲና አማን ናት። ነገር ግን በ8ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በነበሩ ነገሥታት ሥራ ላይ የተነገረውን ቃል ዛሬ በእነዚያ ከተሞች በሚኖር ሕፃን ላይ መጫን የነቢዩን ክስ መገልበጥ ነው። በሀገራችንም የአንድን አካባቢ ወይም ቋንቋ ሰዎች «አሕዛብ» ብሎ ፍርዱን በእነርሱ ላይ ማዋል እንዲሁ ነው። በዐውደ ምሕረት የምናስተምር ሁሉ በዚህ ረገድ ታላቅ ጥንቃቄ ሊኖረን ይገባል።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ከቤታችን ይጀምር። ቅዱስ ጴጥሮስ ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት እንደሚጀምር ጽፏል። አሞጽ በምዕራፍ 8 መስፈሪያን ያሳነሱትን፣ ሚዛንን ያጣመሙትን፣ የስንዴውን ግርድ የሸጡትን ይከሳል። እህል በምናከፋፍልበት፣ የተጠቃሚዎችን ስም በምንጽፍበት፣ የሙዳየ ምጽዋትን ገንዘብ በምንቈጥርበት ሰዓት ይህ ምዕራፍ ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ መልካም ነው። የመስፈሪያው ጣሳ ለሁሉ እኩል ነው ወይ? በስብሰባ መናገር የማይችል ሰው ስሙ ተጽፏል ወይ?

ሦስተኛ፣ በመጨረሻው ቀን አሕዛብ ሁሉ በአንድነት እንደሚቆሙ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስተምሯል። በዚያ የሚጠየቀው የተራበ፣ የተጠማ፣ የታረዘ፣ እንግዳ የሆነ፣ የታመመና የታሰረ ነው። አሞጽ በጎረቤቶቹ ላይ ያነሣው ጥያቄና ጌታ በሁላችን ላይ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሰውን ምን አደረጋችሁት?

ማጠቃለያ

ወደዚያች አጥቢያ ሁለተኛ ጊዜ በሄድሁ ጊዜ ስብከት አላዘጋጀሁም። ሰብሳቢውን አስፈቅጄ የትንቢተ አሞጽን ምዕራፍ 1 እና 2 በተራ እንድናነብ ጠየቅሁ። ንባቡ ስለ ደማስቆና ስለ ጋዛ ሲናገር አንዳንዶች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስማሙ ነበር። ስለ ጥንድ ጫማውና ስለ መያዣው ልብስ ሲነበብ ግን ጉባኤው ጸጥ አለ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ የቀድሞው ጠያቂያችን፣ ያ ዕድሜ የጠገቡ አባት፣ «እንግዲህ ስለ ማዶው ከመነጋገራችን በፊት የራሳችን መዝገብ ይነበብ» አሉ። መዝገቡም ተነበበ። ለቧንቧው የተጠየቀውን መዋጮ ባለመክፈላቸው የሁለት መበለቶች ቤት ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ውጭ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዕለት ስማቸው ተመለሰ። የማዶው ቦኖ ጉዳይ ገና በምክር ላይ ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተመርጠው ወንዙ ዳር ለመገናኘት ቀጠሮ ይዘዋል።

አባታችን በመጀመሪያ ቀን ለጠየቁኝ ጥያቄ የሚሆነው መልስ ይህ ይመስለኛል። ነቢያቱ በጎረቤት ላይ እሳት እንደሚመጣ መናገራቸው እውነት ነው። እሳቱ ግን ሰውን የወቃ፣ የሸጠ፣ ያዋረደ እጅ ያለበትን ቤት ሁሉ ይፈልጋል፤ የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም። ለተጠማ ጎረቤት ውኃ የሚወስድ ሰው የነቢያቱን ቃል አልተላለፈም፤ ነቢያቱ የከሰሱት ሌላውን ሥራ ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ትንቢተ አሞጽን ምዕራፍ 1 እና 2 በአንድነት አንብቡ። በስድስቱ ጎረቤቶች ላይ የቀረቡት ክሶች በምን ይመሳሰላሉ? በይሁዳና በእስራኤል ላይ ከቀረቡትስ በምን ይለያሉ?

2. የሞዓብ ክስ ስለ ኤዶምያስ ንጉሥ አጥንት መሆኑ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ምን ያስተምራል?

3. በትንቢተ አብድዩ ከቍጥር 11 እስከ 14 ያሉትን የኤዶምያስን ደረጃዎች ለዩ። በአካባቢያችን ችግር በደረሰ ጊዜ እኛ በየትኛው ደረጃ ላይ ነበርን?

4. በአጥቢያችን የእርዳታና የልማት መዝገብ ውስጥ ስማቸው ሊኖር ሲገባ ያልተጻፈ እነማን ናቸው? ምክንያቱስ ምንድር ነው?

5. ከእኛ ጋር ጠብ ላለው ጎረቤት በዚህ ሩብ ዓመት ልናደርገው የምንችለው አንድ በጎ ሥራ ምንድር ነው? ማን ይጀምረው? መቼ?

የነነዌን ንስሓ የተቀበለ አምላክ የእኛንም ንስሓ ይቀበልልን፤ በፍርድ ወንበሩ ፊት ያለ እፍረት ለመቆም ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።